«ሳይሰሙት አላትመውም» ያሉት ፈረንጅ

ሰሞኑን ቶየን ላይ ከቲ-ባነው፣ ከከተማው ባቡር፣ ወርጄ ደረጃውን ስወጣ አንዲት ወጣት ከፊቴ ትሄዳለች። ሱሪዋ ከጉልበቷ በታች ተዘርግቶ የአደባባዩን ውሃ ይጠርጋል። ቤልቦተም! ሞቶ ተቀብሯል ብዬ እርሜን ያወጣሁለት ሱሪ ኦስሎ ላይ ተነስቷል። በኔ ዕድሜ ያለ ሽማግሌ ቆሞ የሰው ልጅ ሱሪ ሲያይ ምን እንደሚባል ስለማውቅ መንገዴን ቀጠልኩ፤ ሐሳቤ ግን አብሮኝ አልመጣም። ዛሬ ዛሬ እንዲህ ነው። አንድ ነገር ካገኘ ጥሎኝ ይሄዳል፣ እኔም ተከትዬው ለመሮጥ አቅሙ የለኝም። አትክልት ሱቁ አጠገብ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ እስኪመለስ ጠበቅሁት።

የኔ ቤልቦተም ቡናማ ነበር። በመጀመሪያ ደመወዜ ፒያሳ ተለክቼ ያሰፋሁት ነው። ልብስ ሰፊው «ስፋቱ ምን ያህል ይሁን?» ሲለኝ «ጫማዬ እስከማይታይ» አልኩት፤ ጫማዬ ለሰው የሚታይ አልነበረምና። በዚያን ጊዜ ከአራት ኪሎ ፒያሳ በሰይቸንቶ ታክሲ ስሙኒ ነው። ስሙኒዋን ለማትረፍ በእግራችን ወርደን ሻይ በቦምቦሊኖ እንልባታለን። ሙዚቃ ቤቶቹ ድምፅ ማጉያቸውን ወደ መንገድ አዙረው ይለቁታል፣ አንዱ ሱቅ የጀመረውን ዘፈን ቀጣዩ ሱቅ በሌላ ዘፈን ያቋርጠዋል፣ ስለዚህ እኔ የወጣትነቴን ዘፈኖች መሐላቸውን እንጂ መጨረሻቸውን አላውቅም። የአፍሮ ጠጉራችን ማበጠሪያ የብረት ሚዶ ከኋላ ኪሳችን ብቅ ብሎ እንዲታይ እንጠነቀቅ ነበር። ስለ መንግሥት የሚያወራም ሰው ሞልቶ ነበር፣ የሚያንሾካሹክም፤ እኔን ግን አሁን ትዝ የሚለኝ ሚዶው ነው።

ያን ደመወዝ የሚከፍሉኝ ፕሮፌሰር ኤድዊን ቶርሰን ነበሩ። አሜሪካዊ የታሪክ መምህር ናቸው። ፕሮፌሰር የምንላቸው እኛ ነን እንጂ ማዕረጉን ማንም ሰጥቷቸው አያውቅም፤ እዚያ እደርሳለሁ። በቆሎና ላም ከሞላበት የአሜሪካ መሐል አገር፣ ከገበሬ ቤት የወጡ ሰው ናቸው፤ አያታቸው ከኖርዌይ ተሰደው እዚያ የሰፈሩ ናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ፀሐይ ሲመታቸው ጆሯቸው የሚላጥ። ልብሳቸው ካኪ፣ ጫማቸው በረባሶ። ከመርካቶ የገዙት፣ ከመኪና ጎማ የተሠራ በረባሶ! እኔ በቤልቦተም ከፊት፣ ፈረንጁ በበረባሶ ከኋላ ሆነን ስንሄድ ማን ማንን እንደቀጠረ ባላገሩ ግራ ይገባው ነበር። አንዲት ሴትዮማ ለኔ ወንበር አውጥታ ለሳቸው የጭቃውን መደብ አሳየቻቸው። ደስ ብሏቸው ተቀመጡ።

አማርኛ ያስተማሯቸው አንድ የቅኔ መምህር ስለሆኑ ገና በወጣትነታቸው እንደ ሽማግሌ ይናገሩ ነበር። «እንደምን ሰነበታችሁ፣ ቤቱ ደኅና ነው ወይ፣ ከብቱ ደኅና ነው ወይ» ብለው ሳይጨርሱ ጉዳያቸውን አይጀምሩም። ያገኙትን ሰው ሁሉ «የማን ልጅ ነህ?» ይሉታል፤ የአባቱን ሲነግራቸው የአያቱን፣ የአያቱን ሲነግራቸው የእናቱን ወገን። ጠ እና ጨ ብቻ እስከ መጨረሻው አልተገዙላቸውም። እኔን የቀጠሩኝ ሻንጣ የሚያህለውን የድምፅ መቅጃ እንድሸከም፣ ያመለጣቸውን የባላገር አነጋገር እንድይዝላቸው፣ ከተማ ስንመለስ ደግሞ ከቴፑ ወደ ወረቀት እንድገለብጥ ነው።

ጥያቄያቸው አንድ ብቻ ነበር። ሰው ሰውን ገድሎ ደም የተቃቡ ቤቶች እንዴት ታርቀው፣ በአንድ ምንጭ ውሃ እየቀዱ፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን እያስቀደሱ አብረው ይኖራሉ? ስለዚህ ነገር አንድ ትልቅ መጽሐፍ ሊጽፉ ነበር የመጡት። ዝናብ በሌለባቸው ወራት ከደብረ ብርሃን ወዲያ ቆላው አፋፍ ድረስ ወርደን ሽማግሎችን እንጠይቃለን። ሌሎቹ ፈረንጆች የጠየቁትን ይዘው አገራቸው ገብተው ያሳትማሉ። የኔው ፈረንጅ ግን የጻፉትን ይዘው ያንኑ ገደል እንደገና ወርደው ለሽማግሌው ቃል በቃል ያነቡለታል። «በሬው ቀይ ነበር» ብለው ጽፈው ከሆነ ሽማግሌው «ኧረ ቡሬ ነው!» ይላቸዋል፣ ያርማሉ። «ይችን ተዋት» ሲላቸው ይተዋሉ። «ሳይሰሙት አላትመውም» ይሉ ነበር። ቤልቦተሜ በእሾህ ተቀዳዶ፣ እግሬ አብጦ፣ «እንዲህ እየተባለ መቼ ሊያልቅ ነው ፕሮፌሰር?» ብዬ ሳጉረመርም «ያልቃል» ይሉኛል በእርጋታ። ያ እርጋታቸው ያናድደኝ ነበር።

ግራዝማች አያሌውን ያገኘናቸው በመጨረሻው ጉዟችን ነው። ሸበቶ፣ ቆፍጣና፣ ሲቀመጡ እንኳ ጠመንጃቸውን ከአጠገባቸው የማያርቁ ሰው ናቸው። ፕሮፌሰሩ ስለ እርቅ ጠየቋቸው። እሳቸው ግን ወደኔ ዞረው፣

«የዚህ ፈረንጅ አገር ሩቅ ነው?» አሉኝ።

«ከባሕር ማዶ ነው፣ ግራዝማች።»

«ከኛ ሰው እዚያ የሚደርስ አለ?»

«ማን ይደርሳል!» አልኩ። ያኔ እውነት ነበር።

«እንግዲያስ ልንገረው። ለሰው ላላነሳው ምያለሁ። ለፈረንጅ መንገር ግን ለሰው መንገር አይደለም፤ ሰምቶ ይዞት ይሄዳል።»

እኔ እዚያው አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር። በዚያ ሱሪዬ እኔንም ከፈረንጅ ቆጥረውኝ ይሆናል።

ነገሩ በሳቸው ቤትና በጎረቤታቸው ቤት መካከል የፈሰሰ ደም ነው። ማን ማንን፣ በምን ምክንያት እንደሆነ አልጽፍም፤ ለምን እንደማልጽፍ ትንሽ ቆይቶ ይገባችኋል። ሁለቱ ቤቶች በሽማግሌ ታርቀዋል፣ የደም ካሳው ተከፍሏል፣ በመጨረሻም ከሁለቱም ወገን እዚያ የቆመ ሁሉ፣ ሕፃናት ሳይቀሩ፣ ነገሩን ዳግመኛ ላያነሳ ምሏል። ግራዝማች ከሥሩ ጀምረው ሲተርኩት ከጥላው የተቀመጥንበት ዛፍ ላይ ያሉት ወፎች እንኳ የቆሙ መሰለኝ። እርቅ ከውስጥ ምን እንደሚመስል፣ የገዳይ ቤት ምን ብሎ እንደሚያድር፣ የሟች እናት ምን ብላ እጇን እንደምትዘረጋ እንደዚያ አድርጎ የነገረን ሰው ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም የለም።  ሲያበቁ ፕሮፌሰሩ «ጽፌ ተመልሼ መጥቼ አነብልዎታለሁ» አሏቸው።

«እስቲ እናይሃለን» አሉ ግራዝማች።

ሳይመለሱ ቀሩ። ዘመኑ ተለወጠ፣ መንገዱ ተዘጋ፣ ፕሮፌሰሩ ቴፖቻቸውን በሻንጣ፣ ልብሳቸውን በጆንያ ጠቅልለው ካገር ወጡ። እኔም ቆይቼ ወጣሁ። እንዴት እንደወጣሁ ብተርክ ሌላ ታሪክ ይሆናል፣ እሱን ለመተረክም ደክሞኛል። ከብዙ አገር በኋላ ኦስሎ ደረስኩ፣ ኖርስክ፣ የኖርዌይን ቋንቋ፣ ተማርኩ፣ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ስሠራ ኖሬ ጡረታ ወጣሁ።

ገና እንደመጣሁ አካባቢ ነው፣ እዚሁ ቶየን፣ በርበሬ የሚያመጣው ሱቅ ውስጥ ተሰልፌ ሳለ ከኋላዬ «ታደሰ፣ ሱሪህ ጠበበ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ያን ጠ ያልሆነ ጠ የትም ብሰማው አውቀዋለሁ። ዞር ስል እሳቸው ናቸው፤ ጠጉራቸው ነጭ ሆኗል፣ ካኪው በሹራብ ተለውጧል። ሰው ሁሉ እያየን ተቃቅፈን አለቀስን። በኋላ ሲያጫውቱኝ፣ የአሜሪካው ዩኒቨርሲቲያቸው መጽሐፍ ያላወጣ መምህር ቋሚ አያደርግም። ጓደኞቻቸው አንድ አንድ፣ አንዳንዶቹም ሁለት ሁለት አወጡ። እሳቸው ለሽማግሎቹ ስላላነበቡ ምንም አላወጡም። «ይቅርታ» ብለው አሰናበቷቸው። የአያታቸው አገር በየጊዜው የሚታደስ ትንሽ የማስተማር ሥራ ሰጠቻቸው። ሚስት አግብተው ተፋቱ። እሷ ስትሄድ «ከነዚያ ሽማግሎች ጋር ኑር» ብላቸው እንደነበር እየሳቁ ነግረውኛል፤ ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት ሁሉ በስልክ ካርድ አለፉ። ወጣቶቹ አታውቁትም፤ በሳንቲም ተፍቆ ቁጥሩ የሚወጣ ካርድ ነበር። ቶየን ገዝተን፣ ሳሎናቸው ተቀምጠን፣ ደብረ ብርሃን ያለ ሰው ልከን የሽማግሌው ልጅ ስልክ ቤት እንዲመጣ ቀጥረን፣ ምዕራፉን በስልክ እናነብለታለን። መሐል ላይ ካርዱ ያልቅና ይቋረጣል። ሌላ ካርድ ፍቀን «የት ደርሰን ነበር?» እንላለን። ሽማግሎቹ አንድ በአንድ እያለፉ ሄዱ፣ ልጆቻቸው ሰሙ፣ አረሙ፣ «ይሁን» አሉ። የቀረው የግራዝማች አያሌው ምዕራፍ ብቻ ሆነ። ቤተሰባቸው ተበትኖ የት እንደደረሰ የሚያውቅ ጠፋ። እኔ መቼም ትዕግሥቴ ካለቀ ቆይቷል። «ያንን ትተው የቀረውን ያውጡት» ስላቸው «ታደሰ፣ ድንኳኑ እኮ በሱ ነው የቆመው» ይሉኛል። እውነት ነበር። ስለ እርቅ ከውስጥ የሚናገረው ያ ምዕራፍ ብቻ ነው። ያለሱ መጽሐፉ ሰው በየጓዳው የሚያውቀው ነገር ክምር ነው።

አምና በረዶው ሲጀምር ልባቸው ደከመና ኮሙኑ፣ ማዘጋጃ ቤቱ፣ ትሮስተሩድ አጠገብ ሲከየም አስገባቸው፤ የአረጋውያን መጦሪያ ማለት ነው። አእምሯቸው ንጹሕ ነበር፤ ደረታቸው ነው እምቢ ያለው። በየሳምንቱ እሄዳለሁ። አንድ ቀን ስገባ አንዲት ሐበሻ ነርስ በኮሪደሩ ላይ ጠበቀችኝ። ሣራ ትባላለች፣ እዚሁ የተወለደች ናት።

«ጋሼ ታደሰ አንተ ነህ፣ ያ?» አለችኝ። እዚህ የተወለዱት ሁሉንም አንተ ነው የሚሉት፣ ለምጄዋለሁ፤ ያ ሲሉ አዎ፣ ናይ ሲሉ አይ ማለታቸው ነው። «ትናንት ቫክት ላይ፣ ተረኛ ነበርኩ። መድኃኒቱን ስሰጠው በአማርኛ የማን ልጅ ነሽ አለኝ። ደነገጥኩ! የአባቴን ስም ነገርኩት። የሱስ አባት አለኝ። ነገርኩት። ከዚያ የእናትሽስ ወገን ሲለኝ፣ ናይ፣ እኔ ምን አውቃለሁ፣ ለአያቴ ደወልኩ። ስፒከር ላይ አደረግኋት። ሁለቱ ሲያወሩ፣ ሲያወሩ፣ ከዚያ እሱ ማልቀስ ጀመረ። የሆነ ነገር አጠፋሁ እንዴ?»

አያቷ እማማ ጥሩነሽ፣ የግራዝማች አያሌው የመጨረሻ ልጅ ነበሩ። ልጃቸው አስመጥታቸው ሮመን፣ ከቶየን በቲ-ባነ ግማሽ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ላይ፣ ስንት ዘመን ኖረዋል። እኛ እኮ በዚያ ሁሉ ካርድ ደብረ ብርሃንን ስናስስ ነው። ስቄም አላባራሁ፣ ተቆጥቼም አልጠገብኩ።

ፕሮፌሰሩ አልጋቸው ላይ ቀና ብለው ነበር። «አሳታሚው ዝግጁ ነው» አሉኝ። «እሷ ሰምታ ይሁን ካለች በማግሥቱ እልካለሁ። ታደሰ፣ ቶሎ እናድርገው፤ ይሄ ልብ አይጠብቀኝም።» ከዚያ በፊት ቶሎ ሲሉ ሰምቻቸው አላውቅም።

ሣራ ሥራ የማትገባበት ቀን ተጠብቆ፣ ጋሪ ወንበር በሚጭን ታክሲ ሮመን ወሰድናቸው። እማማ ጥሩነሽ ሊፍቱ በር ላይ ነጭ ለብሰው ቆመው ነበር። «አቶ ኤዱ!» አሉ፤ በዚያ አገር ልጆች እንዲያ ነበር የሚሏቸው። «አንቱ! አባቴ፣ ያ ፈረንጅ እመጣለሁ ብሎኝ ቀረ እያለ ስንቴ አንስቶዎታል መሰልዎ!» ፕሮፌሰሩ ከጋሪው ላይ ሆነው እጅ ነሱ፣ «እንደምን ሰነበታችሁ፣ ቤቱ ደኅና ነው ወይ» ብለው እስከ ሥሩ ድረስ ጠየቁ። ስለ ከብቱ ሲደርሱ ሁላችንም ሳቅን። ሻይ በቅርንፉድና ከሱቅ የመጣ ዳቦ ቀረበ። ከመስኮቱ ውጭ በረዶ ይጥላል። ሴትዮዋ የአባታቸው ፎቶግራፍ እንኳ እንደሌላቸው ነገሩን።

ያነበብኩት እኔ ነኝ፤ የሳቸው ድምፅ አይችልም። እማማ ጥሩነሽ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ አንገታቸውን ደፍተው አዳመጡ። የሟች እናት እጇን የምትዘረጋበት ቦታ ላይ ስደርስ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ስጨርስ ነጠላቸውን ከአፋቸው አወረዱ።

«አባቴ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ልክ እንዲህ ነው የሚናገር። ከነቁጣው።»

«የሚታረም ካለ ንገሩኝ» አሉ ፕሮፌሰሩ።

«የሚታረምስ የለበትም። ሁሉም እውነት ነው።»

የሰውየው ፊት እንዴት እንደበራ ምን ብዬ ልንገራችሁ። ያን ፊት ያየሁት የቆላው አፋፍ ላይ፣ ሁለታችንም ልጆች ሳለን ነው።

«ግን አይወጣም» አሉ እማማ ጥሩነሽ።

ሣራ ቶሎ ብላ ገባች። «አያቴ፣ ስም መቀየር ይቻላል እኮ። አኖኒምት ይሆናል። ማን እንደሆነ ማንም አያውቅም፣ ኢከ ሳንት፣ አይደል?» ብላ ወደኔ ዞረች።

«ስሙ ቢለወጥ ወንዙ ይለወጣል ልጄ? የነዚያ ልጆች እኮ ማንበብ ያውቃሉ። ያገራችን ሰው ዛሬ የሌለበት የለም። የወንድሜ ልጅ እነሱ ቤት ገብታ ወልዳለች፤ ልጆቿ የሁለታችንም ናቸው። ምን ብለው ያንብቡት? እኔ ያን ቀን ይችን ታህል ነበርኩ፤ አባቴ እጄን ይዞ፣ በይ ማይ አለኝ፣ ማልኩ። ሁላችንም እናውቀዋለን። ሳናነሳው ነው የኖርነው።»

እኔ አላስቻለኝም። «እማማ፣ ይቅርታዎን! እሳቸው እኮ ዕድሜያቸውን የጨረሱት በዚህ ነው። አባትዎም ወደው ነው የነገሯቸው። ለፈረንጅ መንገር ለሰው መንገር አይደለም ብለው፣ እኔ እዚያው ነበርኩ!»

እማማ ጥሩነሽ ከት ብለው ሳቁ። «ብሏል አባቴ! ይላል!» አሉና ዓይናቸውን እየጠረጉ ወደ ፕሮፌሰሩ ተጠጉ። ጋሪው ላይ ያለውን ያን ቀጭን እጅ ያዙት። «ያኔ እውነቱን ነው፣ ያኔ ፈረንጅ ነበሩ። አሁን ግን ያባቴን ወገን እስከ ላይ ይቆጥራሉ። እኔ ያላስተማርኋትን የልጅ ልጄን የማን ልጅ እንደሆነች ያስተማሯት አንቱ ነዎት። ቤቴ ገብተው እንደምን ሰነበታችሁ ሲሉኝ አባቴ የመጣ ነው የመሰለኝ። እንግዲህ ሰው ነዎት፣ አቶ ኤዱ። ሰው ከሆኑ ደግሞ መሐላው ይይዝዎታል።»

 ሴትዮዋ እጃቸውን አልለቀቁም።

«ይይዘኛል» አሉ ፕሮፌሰሩ። ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ደግሞ፣ «እሺ፣ እመቤቴ።»

ወረቀቱን ሰበሰብኩ። በማን እንደተናደድኩ አላውቅም፣ ግን ተናድጄ ነበር። በሴትዮዋ አልነበረም። ስንት ገደል የወረድኩበት፣ ስንት ካርድ የፋቅሁበት፣ የአንድ ሰው ትዳርና ሥራ የሄደበት ነገር አንድ የሮመን ሳሎን ውስጥ ሻይ እንኳ ሳይቀዘቅዝ አለቀ። ታክሲው ውስጥ አፌን መያዝ አቃተኝ። «ፕሮፌሰር፣ ግራዝማች በሕይወት የሉም። ያውጡት! ማን ይጠይቅዎታል?» አልኳቸው።

«ታደሰ፣ ሰው አለችኝ እኮ» አሉኝ።

 ትሮስተሩድ ደርሰን አልጋቸው ላይ ሳስተኛቸው ዓይናቸውን ጨፍነው «ከባድ ነው» አሉ። ሰው መሆኑን ይሁን መጽሐፉን፣ አልጠየቅኋቸውም። በሳምንቱ ለአሳታሚው መጽሐፉ እንደማይወጣ ጻፍኩላቸው፤ ምክንያት አልጨመርንም። የግራዝማችን ድምፅ የያዘውን ቴፕ ለእማማ ጥሩነሽ እንድሰጥ አዘዙኝ፣ ሰጠሁ። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ስሄድ እማማ ጥሩነሽን አልጋቸው አጠገብ አገኛቸዋለሁ። ስለ ምን እንደሚያወሩ ሰምቻለሁ። ስለ በሬ ነው፣ ስለ ምንጩ ውሃ፣ ስለ አንዲት ከበቅሎ ስለወደቀች ሙሽራ። እንደዚያ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም።

በረዶው ሳይቀልጥ አረፉ።

የመታሰቢያው ሥነ ሥርዓት ዩኒቨርሲቲው ውስጥ አንድ ትንሽ አዳራሽ ነበር የተደረገው። ብዙ ሰው አልመጣም። ጥቂት ሸበቶ መምህራን፣ ሣራ በጥቁር ልብስ፣ ከአሜሪካ የመጣ የወንድማቸው ልጅ፣ እኔና እማማ ጥሩነሽ ከፊት ረድፍ። እማማ ጥሩነሽ እንደ ሐዘንተኛ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ለብሰው ነበር፤ ከሟች ዘመድ ቀጥሎ ሳይሆን ከዘመዱም በፊት ነበር የተቀመጡት፣ ማንም ቦታውን አልከለከላቸውም። የክፍሉ ኃላፊ፣ ጥሩ ሰው ነው፣ ተነስቶ በኖርስክ ተናገረ። ቋንቋ አዋቂነታቸውን አነሳ፣ ለተማሪዎቻቸው ያላቸውን ትዕግሥት አነሳ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ያን ያህል ተስፋ የተጣለባቸው ምሁር የሕይወታቸውን ሥራ ሳይጨርሱ ማለፋቸው እንደሚያሳዝን ተናገረ። መምህራኑ አንገታቸውን ነቀነቁ።

እማማ ጥሩነሽ በክርናቸው ነካ አደረጉኝ። «ምን አለ?»

«ሥራቸውን ሳይጨርሱ ሞቱ ነው የሚል፣ እማማ።»

ዞር ብለው እንደ እብድ አዩኝ። «ጨርሰዋል በላቸው እንጂ! ተነስና ጨርሰዋል በላቸው!»

ተነሳሁ። ኃላፊው ንግግሩን አቁሞ በትሕትና ጠበቀኝ። አዳራሹ ሁሉ ወደኔ ዞረ። እንዴት ጨረሱ ብለው ይጠይቁኛል፤ ካልነገርኳቸው አይገባቸውም፣ ለመንገር ደግሞ ማንሳት አለብኝ። 

«ይቅርታ» ብዬ ተቀመጥኩ።